የሳምራ ሹራብ

ጥቅምት 11፣ 2004

ቅዳሜ ነው፣ ዛሬም ብቻዬን። ከሳምራ ጋር እንጦጦ ካልወጣን አራት ሳምንት... ስደውልላት ጥናት አለብኝ አለች። እናቴ ሽንኩርት ግዢ ብላ ሾላ ስትልከኝ ኢንተርኔት ቤቱ ውስጥ በመስኮት አየኋት። በዚህ ፀሐይ ያንን ወፍራም ሹራቧን ለብሳ ኮምፒውተሩ ላይ ተደፍታለች። ብቻዋን ትስቃለች። እኔ ጋ መቼ ነው እንዲህ የሳቀችው?

ጥቅምት 13

የምታወራው ልጅ ባርኮት ይባላል። ሐዋሳ ነው ያለው፣ በፌስቡክ ነው የተዋወቁት። በአካል እንኳ አይታው አታውቅም! "እሱ ይገባዋል" ትላለች። እኔስ? ከሰባተኛ ክፍል ጀምሮ አንድ ዴስክ ላይ ተቀምጠን... "እንግዲያው ከፌስቡክሽ ጋር ኑሪ" አልኳት። ደግ አደረግኩ።

ጥቅምት 17

ከትምህርት ከቀረች ሦስተኛ ቀኗ። አልደወልኩም።

ጥቅምት 20

ከትምህርት መልስ ኢንተርኔት ቤት ገባሁ። ልሰልላት ነው፣ ምን እዋሻለሁ። ገና መውጣቷ ነበር። ፌስቡኳን ሳትዘጋ ሄዳለች። ወንበሯ ላይ ተቀምጬ ሁሉንም አነበብኩት።

አባቷ በቀበቶ ይመታታል። ክንዷን፣ ጀርባዋን። ለኔ እኮ ደረጃ ላይ ወደቅኩ ነው ያለችኝ! ለሱ እውነቱን፣ ለኔ ደረጃውን። እዚያው እያነበብኩ ቀናሁ... ይታመናል? መጨረሻው ላይ ግን፦ "መኖር ደክሞኛል። ሰገነትም ጠልታኛለች።" ሰገነት፣ እኔ! ለሰው ንገሪ ብሏታል። እሷ ደግሞ ለማንም እንዳትናገር ብላ አስምላዋለች።

እስቲ እሱ ያድናት፣ አልኩ በሆዴ። እውነት ብያለሁ። እግዜር ይቅር ይበለኝ። ሐዋሳ ቁጭ ብሎ ምን ሊያደርግ ይችላል?

ብናገር ዳግም አታናግረኝም። ይሄን እያወቅኩ ሚኒባስ ተሳፈርኩ፣ ላምበረት፣ አክስቷ እትዬ ጂቱ ቁርስ ቤት። ደንበኛ እያስተናገዱ ነበር። መጀመሪያ አለቀስኩ። ከዚያ "ሳምራ መሞት ፈልጋለች" አልኳቸው። ሽርጣቸውን ፈቱ። ቤቱን እንኳ ሳይዘጉ ወጡ።

ጥቅምት 22

እትዬ ጂቱ ወስደዋታል። አንድ አልጋ ላይ ነው የሚተኙት፣ ለደቂቃ አይለዩዋትም። ነገ ሐኪም ጋ ይዘዋት ይሄዳሉ። አባቷ መጥቶ በር ላይ ሲጮህ "ግባና ንካታ!" አሉት አሉ።

ሳምራ ደወለች። "ማን አንብቢ አለሽ?" ብላ ዘጋችብኝ።

ኅዳር 8

ስድስቴ ደወልኩ። አታነሳም።

ሚያዝያ 13

እንጦጦ ወጣሁ፣ ብቻዬን። እትዬ ጂቱ እየደወሉ ይነግሩኛል፦ ሐኪሟን ወዳታለች፣ እንቅልፍ ይወስዳታል፣ አዲስ ትምህርት ቤት ገብታለች። የኔን ስም ግን አታነሳም።

ባሕር ዛፎቹ ጋ ስደርስ አየኋት! ከማላውቃት ልጅ ጋር ተቃቅፈው ይወርዳሉ። በኛ መንገድ። ያቺ ልጅ የሆነ ነገር ስትላት ሳምራ ሳቋን መቆጣጠር አቅቷት ቁጢጥ አለች። የኔ ቦታ እኮ ነው...

አየችኝ። አለፈችኝ። ትለፍ፣ ግድ የለም። ዞሬ እስክትርቅ አየኋት። ሹራቧን አውልቃ ወገቧ ላይ አስራዋለች። ክንዷ ላይ ምንም የለም።