ደም የምትጠጣዋ ልጅና ቀይ እስክሪብቶዬ

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 3፣ 1991

ዛሬ አሥራ አራት ክፍል አጸዳሁ። ወገቤ! ዝናብ በመጣ ቁጥር የሆቴሉ ምንጣፍ ጭቃ ብቻ ነው። ከሥራ፣ ከቱክዊላ፣ በሁለት አውቶቡስ ቡሪየን ቤቴ ገባሁ። ልጄ ሃሴት ክፍሏን ዘግታለች።
"እራት በላሽ?"
"ያ" አለችኝ በእንግሊዝኛ።
አለቀ። የዛሬ ወሬያችን ይኸው ነው። ደሴ እያለን አፏ አይዘጋም ነበር... አሁን አሥራ አምስት ዓመቷ ነው። እዚህ አሜሪካ ከመጣን ሁለት ዓመት።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 5

ጋሽ ገመዳ ኮል አደረጉ። የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ሲደውሉ መቼም ለደህና አይደለም። ሃሴት በወጣቶች ጸሎት መሀል መጽሐፍ ደብቃ ስታነብ አገኟት። የጃፓን የሥዕል መጽሐፍ፣ ማንጋ የሚሉት። ባለታሪኳ ቫምፓየር ናት።
"ደም የምትጠጣ ልጅ፣ ደስታነሽ! በቤትሽ! ይኼ ለጠላት በር መክፈት ነው።"
ቅዳሜ ሳምንት ወጣቶቹ እንዲህ ያለውን ሁሉ አምጥተው በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ በርሜል ውስጥ ያቃጥላሉ። የሃሴትን ይዤ መምጣት አለብኝ።
እሺ አልኳቸው። ምን ልበል? ከኤርፖርት የተቀበሉን እሳቸው፣ ቤት ያገኙልን እሳቸው፣ ሥራ ያስገቡኝ እሳቸው።
ለሃሴት ነገርኳት። "ካቃጠልሽው መቼም አላናግርሽም" አለች። በአማርኛ። በእንግሊዝኛ ብትለው ቁጣ ነው፣ ያልፋል ብዬ እተወው ነበር...

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 7

አሥራ አንድ ዓመት አማርኛ አስተምሬያለሁ። ሳላነብ ዜሮ የሰጠሁት ድርሰት የለም። ሃሴት ስትወጣ ከፍራሿ ሥር አወጣኋቸው፣ አራት ናቸው። በስቴፕለር የተያዘ ፎቶኮፒ። ጓደኛዋ ኤሚ ጃፓንኛ ታውቃለች፤ እንግሊዝኛውን እየጻፈች በላዩ ትለጥፍላታለች። መዝገበ ቃላቴን ከፈትኩ፣ ቀይ እስክሪብቶዬን ያዝኩ። ልማድ ነዋ።
አንደኛው በቀብር ይጀምራል። ቀጥሎ የተቀበረችው ልጅ ታማ ትታያለች፣ ቀጥሎ ትድናለች፣ መጨረሻ ላይ ከቫምፓየሯ ጋር ትተዋወቃለች። ጎበዝ ደራሲ! ከሞት ተነስቶ ወደ ኋላ... ጠርዙ ላይ "አጀማመሩ ድፍረት አለው" ብዬ ጻፍኩ።

እሑድ፣ ጥቅምት 8

ከአምልኮ ስንመለስ አውቶቡስ ላይ አንደኛውን ማንበቤን ነገርኳት። እሳት ጎረሰች። "ማሚ! ዕቃዬን ነካሽ?"
"ይልቅ በቀብር መጀመሩን ወደድኩት።"
አፈጠጠችብኝ። "በየት በኩል ጀመርሽ?"
"ከፊት ነዋ፣ በግራ።"
ለካ የጃፓን መጽሐፍ በቀኝ ነው የሚገለጠው! ያን ሁሉ አድናቆት ያፈሰስኩት ከመጨረሻው ወደ መጀመሪያው አንብቤ ነው። ሃሴት ትከሻዬ ላይ ወድቃ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። እኔም ሳቅሁ። ሰው ሁሉ ዞሮ አየን። እንዲህ ከሳቅን ስንት ጊዜያችን ነው?
"ሦስቱንም አንብቢ፣ ኦኬ" አለችኝ። አራት ማግኘቴን አልነገርኳትም።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 11

ሦስቱን ጨረስኩ፣ በቀኝ በኩል። ቫምፓየሯ ናጊሳ ሁለት መቶ ዓመት ሙሉ አሥራ አምስት ዓመቷ ነው። ስለማታድግ ሰው እንዳይነቃባት በየሦስት ዓመቱ ከተማ ትቀይራለች። በየከተማው ጓደኛ ታበጃለች፣ ጥላት ትሄዳለች...
ዝምታው ግሩም ነው። የምትሄድ ቀን አንድ ሙሉ ገጽ ቃል የለውም፤ በር ላይ የቀረ ጫማ ብቻ። እኔ "አስፋፍታችሁ ጻፉ" እያልኩ ስንቱን ተማሪ አደረቅሁ! "እዚህ ጋ ዝም በሉ" ብዬ አላውቅም።
ድካሙ ግን ብዙ ነው። ናጊሳን የሚያሳድዳት ሰው ክፉ የሆነው እንዲሁ ነው፣ ምክንያት የለውም። ጓደኞቿ ለመዳን ወይ ለመሞት የተፈጠሩ እንጂ የራሳቸው ጉዳይ የላቸውም። ደግሞ ለቅሶው! በየሦስት ገጹ እንባ። ደሙን የጠጣችው አንዴ ነው፣ እሱንም እያፈረች። ይኼን ነው የምናቃጥለው?

ሐሙስ፣ ጥቅምት 12

አራተኛው የሥዕሉ መስመር ይንቀጠቀጣል፣ ታሪኩ ግን በጣም ተሻለ። ናጊሳ ዝናብ የማያባራበት አገር መጣች። አሳዳጇም ምክንያት አገኘ። እናትም አላት፣ ተመስገን!
ግን ይቺ እናት ፊት የላትም። ጀርባዋ አለ፣ እጇ አለ፣ ባልዲዋ አለ፣ የምትዘጋው በር አለ። የዛፉን ቅጠል ሳይቀር አንድ በአንድ የሚሥል ሰው ለእናት ፊት ይሰስታል? ተናደድኩ። በቀይ ጻፍኩበት፦ "እናትየዋ ሰው አልሆነችም። ምን ትፈልጋለች? ይታረም። 6/10።"

ዓርብ፣ ጥቅምት 13

ምነው እጄን በቆረጠው!
ሃሴት አራተኛውን ይዛ ኩሽና መጣች። "ይሄ የኔ ነው። እኔ ነኝ የሣልኩት።"
እንዴት አላወቅሁም? ባልዲው እንኳ የእኔ ባልዲ ነው...
"ፊቷስ?" አልኳት።
"አላየውማ! ስነሳ ሄደሻል። ስትመጪ ለመዘምራን ልምምድ ትወጫለሽ። ቤት ስትሆኚ ተኝተሻል። ከየት አምጥቼ ልሣለው?"
በሯን ዘጋች።
ነገ ቅዳሜ ነው። ጌታ ሆይ፣ ምን ላድርግ?

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 14

አራቱንም በቦርሳ ይዤ ሄድኩ። እውነቱን ልጻፍ፦ ሦስቱን ሰጥቼ የልጄን ልደብቅ ነበር ሐሳቤ። በርሜሉ ይነዳል። ካሴት፣ ፖስተር... ሃሴት ከወጣቶቹ መሀል ቆማ እጄን ታያለች። እጄን ብቻ።
ጋሽ ገመዳ እጃቸውን ዘረጉ።
"አነበብኩት፣ ጋሽ ገመዳ" አልኩ።
"አንቺ? ራስሽ?"
"አዎ። ድካም አለበት፣ ክፋት ግን አላገኘሁበትም። አንዱን የሠራችው ልጄ ናት። ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ አልሰጥም።"
እሳቸው አልተቆጡም፣ ያ ነው የከፋኝ። "እንግዲህ ለጊዜው ከመዘምራኑ ጋር አትቁሚ። እንጸልይበት" አሉ በቀስታ። እሺ ብዬ ወጣሁ። ሃሴት ከኋላዬ ደርሳ ቦርሳውን ተቀበለችኝ።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 21

ልምምድ የለኝም። አሁን እነሱ እየዘመሩ ነው፣ የእኔን ድምፅ ማን ያዘው ይሆን? ሆድ ባሰኝ።
ሃሴት ወንበር ወደ መስኮቱ ጎትታ "እዚህ ተቀመጪ፣ አትንቀሳቀሺ" አለችኝ። እርሳስና ወረቀት ይዛ ፊት ለፊቴ ተቀመጠች። አየችኝ፣ ሣለች። ደግሞ አየችኝ። እንዲህ ትኩር ብሎ ያየኝ ሰው የለም መሰለኝ፣ አፈርኩ።
"ጥያቄሽን አልመለስኩልሽም" አለች።
"የቱን?"
"በቀይ የጻፍሽውን። እናትየዋ ምን ትፈልጋለች?"
አሥራ አንድ ዓመት ሰው ስጠይቅ ኖርኩ...
"እንጃ" አልኳት።
"እንጃ አይሆንም። ይታረም።"
አሰብኩ። ብዙ አሰብኩ። "እንዲህ መቀመጥ" አልኳት።
ከሥዕሉ ሥር ጻፈችው። አፍንጫዬን ግን አግዝፋዋለች። ቀይ እስክሪብቶዬ ጠረጴዛው ላይ ነበር፣ አላነሳሁትም።