ስለ አምስት ሳንቲ ሜትር ታኮ ለሥራ አስኪያጃችን የቀረበ ምስጋና

ለክቡር አቶ ደባሱ ምሥጋናው
የምንሠራበት ሆቴል ሥራ አስኪያጅ
ላሊበላ

ክቡርነትዎ እንደምን ሰነበቱ? ወገብዎ፣ ጉልበትዎ፣ ይልቁንም ቁርጭምጭሚትዎ ደህና ይሁንልዎ። እኔ አንድ እግሬን ወንበር ላይ ሰቅዬ ስለምጽፍ፣ ተነሥቼ እጅ ባለመንሳቴ ይቅርታዎን እለምናለሁ።

በመስከረም 2000 ዓ.ም. «ለአዲሱ ሚሊኒየም አዲስ ገጽታ» ብለው በሰሌዳው ላይ የለጠፉት የአለባበስ ደንብ ለሴቶች አሥራ አንድ አንቀጽ፣ ለወንዶች ደግሞ «ንጹሕ ሸሚዝ ይልበሱ» የሚል አንድ መስመር ነበረው። አሥራ አንድ ጊዜ ስላሰቡልን በሴቶቹ ስም ላመሰግንዎት እወዳለሁ።

አንደኛ፣ ስለ ታኮው። ፈጣሪ እዚህ ደጋ ላይ ከፍ አድርጎ ያስቀመጠን አልበቃ ብሎዎት፣ ድንጋይና ዳገት በበዛበት ከተማ አምስት ሳንቲ ሜትር ስለጨመሩልን ውለታዎ አይረሳም።

ሁለተኛ፣ ከጉልበት በላይ ስለሚቀረው ጉርድ ቀሚስ። በጥቅምት አስጎብኚያችን ታሞ፣ እኔን ከእንግዳ መቀበያው አስነሥተው ሁለት አዛውንት ሴቶችን ዋሻ ውስጥ ወዳለው ወደ ነአኩቶ ለአብ ቤተ ክርስቲያን እንድወስድ ባዘዙኝ ጊዜ፣ ልብስ ልቀይር ብዬ ብለምንዎት «ደንብ ደንብ ነው» አሉኝ። በሩ ላይ የነበሩት ቄስ አዩኝና ወዲያው ዓይናቸውን ወደ ዋሻው ጣሪያ አነሡ።

«ልጄ፣ ይህን ማን አለበሰሽ?»

«የሆቴሉ ሥራ አስኪያጅ ናቸው፣ አባ።»

«እንግዲያ እሱው ይልበሰውና ይምጣ» ብለው፣ የራሳቸውን ጋቢ አውልቀው ከወገቤ በታች ጠቀለሉልኝ።

ስንመለስ ታኮዬ በሁለት ድንጋዮች መካከል ተሰነቀረና ተሰበረ፤ እግሬም አብሮት ዞረ። ሰባ ዓመት ያለፋቸው እንግዶች ግራና ቀኝ ደግፈው እስከ መኪናው አደረሱኝ። እንግዳ አስተናጋጁን የሚያስተናግድበት ሆቴል በመፍጠርዎ ሊኮሩ ይገባል።

ሦስተኛ፣ ስለ ማስጠንቀቂያው። በሳምንቱ በኮንጎ ጫማ እያነከስኩ ብገባ «ያለ ታኮ በሥራ ገበታ ላይ መገኘት» የሚል ደብዳቤ ጠበቀኝ። በዓርቡ ግምገማ ላይ፣ ሻንጣ ተሸካሚው ደሳለ የሦስት ሳምንት ጢሙን ይዞ ከጎኔ ተቀምጦ ሳለ፣ ለእሱ ለምን እንዳልተጻፈ ጠየቅሁዎት።

«የወንድ ጢም ተፈጥሮ ነው» አሉ።

«ያበጠ እግርስ?» አልኩ።

ቤቱ ሳቀ፤ እኔም «ስብሰባ በማወክ» ሁለተኛውን ወረቀት ተቀበልኩ። ሦስተኛው የስንብት መሆኑ ከግርጌው ተጽፏል። እናቴ ማንበብ ስለማትችል፣ ማኅተሙን ስታይ ሹመት መስሏት እልል አለች። እውነቱን ልነግራት አፌን ከፍቼ መልሼ ዘጋሁት። ከዚህ ሁሉ የከበደኝ ይኸው ነው።

ባለፈው ሰኞ፣ ከወጥ ቤቷ ብርቄ ጀምሮ ሰባታችንም ሴቶች ጠፍጣፋ ጫማ አድርገን ገባን። ደሳለ ማንም ሳያዘው ተላጭቶ መጣ፤ ምክንያቱን ስንጠይቀው «አፍሬ ነው» አለን። እርስዎ በሩ ላይ ቆመው ጫማዎቻችንን አንድ በአንድ ተመለከቱ፤ ቀጥሎም በእንግዳ የሞላውን ምግብ አዳራሽ አዩና ወደ ቢሮዎ ገብተው በሩን በቀስታ ዘጉ። በዚያ ቀን ከእርስዎ በቀር ወደ እግራችን የተመለከተ ሰው አልነበረም። እስከ ዛሬም ሰባቱ ማስጠንቀቂያዎች አልደረሱንም። እንግዲህ የቀረው ደንቡን ከሰሌዳው ማንሳትና ሁለቱን ወረቀቶች ከፋይሌ ማውጣት ብቻ ስለሆነ፣ እሱን ለመልካም ፈቃድዎ ትቻለሁ።

በሁለት እግሬ ለመቆም እንደበቃሁ እጅ የምነሳዎት፣
ሰብሌ አረጋ
ከእንግዳ መቀበያ

ግልባጭ፦ ለወንድ ሠራተኞች በሙሉ፣ አንዷን መስመር በቃል ለማጥናት እንዲረዳቸው

ማሳሰቢያ፦ አንቀጽ አሥራ አንድ «ሴት ሠራተኛ በማንኛውም ጊዜ ፈገግታ አይለያት» ይላል። ይህን አንቀጽ ሰሌዳው ፊት ቆመው ሲያነቡ ዞር ይበሉ፤ ሰባታችንም ከኋላዎ ቆመን አንቀጹን በሙሉ ልባችን እየፈጸምን ነው።