ስለ እህቴ አዲስ ሳንባና ስለ ኮሚቴያችን ውሳኔ

ለክቡር አቶ ገሠሠ፣
የውጭ ሕክምና ጉዳዮች አጣሪ ኮሚቴ ሰብሳቢ፣
ቦንጋ፤ ግንቦት 9 ቀን 2008 ዓ.ም.

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል እያልኩ፣ የበሉት ምሳ ባለበት የሚረጋልዎ፣ ሲተኙም ትራስ መደራረብ የማያስፈልግዎ እንዲሆኑ ከልብ እመኛለሁ። ምኞቴ ትንሽ ከመሰለዎ የእህቴን የመምህርት ምሥራቅን አልጋ ስላላዩ ነው፤ ራስጌው በሁለት ጣውላ ከፍ ብሎም ተቀምጣ ነው የምታነጋው።

እንደሚያስታውሱት፣ የሺሺንዳዋ አስተማሪ ምሥራቅ የዛሬ ሁለት ዓመት ሕንድ አገር የማታውቀው ሟች ሳንባ ተተክሎላት በእግሯ ተራምዳ ተመልሳለች። ዘንድሮ ግን ከጨጓራዋ ሽቅብ የሚመለሰው አሲድ በተኛችበት ወደ አዲሱ ሳንባ እየገባ ያቆስለው ጀመር። ሐኪሞቿም የጨጓራዋን አናት በምግብ ቧንቧዋ ግርጌ ዙሪያ ጠቅልለው በመስፋት መመለሻውን ሊያጠብቁላት፣ ሳንባው ሳይደክም ቶሎ ትምጣ ብለው ጻፉ። የቀረው የኮሚቴያችን የድጋፍ ደብዳቤ ብቻ ነበር፤ ኮሚቴው ስለሰጣት መልስ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

፩. ኮሚቴው አመልካቿ ያኔ የሄደችው በሳንባ፣ አሁን የጠየቀችው በጨጓራ፣ ጨጓራም አገር ውስጥ የሚታከም ነው ብሎ ስለወሰነ አመሰግናለሁ። ሳንባና ጨጓራ ጎረቤት መሆናቸውን፣ የአንዱ ፍሳሽ የሌላውን ቤት እንደሚያፈርስ ሐኪሞቹ በሦስት ገጽ ቢያስረዱም፣ ኮሚቴያችን በአንድ አንቀጽ ረትቷቸዋል።

፪. ወተት እንድትጠጣ ስለተሰጣት ምክርም እናመሰግናለን። ጠጥታለች። ወተቱም ተመልሶ መጥቷል።

፫. ሦስተኛው ምስጋና ለእኔ ስለተደረገልኝ ነው። ያንን ቃለ ጉባኤ የያዝኩት የኮሚቴው ጸሐፊ እኔው ነኝ። የሐኪሞቹን ደብዳቤ ቤቴ ደጋግሜ አንብቤው ነበር፤ አገር ውስጥ የሚሰጣት ኪኒን አሲዱን ያለዝበዋል እንጂ ሽቅብ መምጣቱን እንደማያቆም ከማንም በተሻለ አውቅ ነበር። እርስዎ አስተያየት ያለው እንዳለ ሲጠይቁ ግን የሚመጣው ግምገማ ታየኝ፤ ለእህቱ ተከራከረ፣ ኪራይ ሰብሳቢ ነው እንዳልባል ፈራሁ። ዝም ማለቱ ሳይበቃኝ ውድቅ ይሁን በሚለው ላይ እጄን ከሁሉ ቀድሜ አወጣሁ። በግምገማውም ከሥጋ ዝምድና መርህን ያስቀደመ ተብዬ በእርስዎ አንደበት ተመሰገንኩ፣ ተጨበጨበልኝም። በዕድሜዬ እንደዚያ ጭብጨባ ያሳፈረኝ ነገር የለም። ዝም አይነቅዝም ይላሉ፤ የእኔ ዝምታ ግን የእህቴን ሳንባ እያነቀዘው ነው።

ሐኪሞቹ እስከ ሰኔ መጨረሻ ካልመጣች ሰውነቷ ቀዶ ሕክምናውን እንደማይችለው ጽፈዋል። ስለዚህ ጉዳዩ በዚህ ሳምንት እንደገና እንዲታይ፣ እኔም ወንድሟ መሆኔን አስመዝግቤ ከድምፅ ውጭ ሆኜ የማውቀውን እንድናገር፣ የተመሰገንኩበትም ቃል ከግል ማኅደሬ እንዲሰረዝልኝ በታላቅ ትሕትና እለምናለሁ።

መልስዎን በትዕግሥት ለመጠበቅ ትንፋሽ ያጠራት እህቱን ወክሎ፣ ለክቡርነትዎ ረጅም ዕድሜና የተረጋጋ ሆድ የሚመኝ፣ በመርህ አክባሪነቱ የተጨበጨበለት ታዛዥዎ፣

ኢያሱ ባፈና

ግልባጭ፦
አብረውኝ እጃቸውን ላወጡት አራት አባላት

ማስታወሻ፦ ያን ዕለት መብራት ጠፍቶ ስለነበር የውሳኔውን ደብዳቤ የጻፍኩት በእጄ ነው። ፊደል ያስቆጠረችኝ ምሥራቅ ናት፤ ጽሕፈቴን ለመለየት ፊርማ አያስፈልጋትም። አንብባ ስትጨርስ አጥፋ አስቀመጠችውና፣ ይህ ሲወሰን አንተ አልነበርክም አይደል ብላ ጠየቀችኝ። አዎ፣ አልነበርኩም አልኳት። ሰኞ ከሺሺንዳ በአውቶቡስ ለአቤቱታ ወደ እርስዎ ትመጣለች፤ ይህንንም ደብዳቤ ቢሮዎ በር ካለው ሰሌዳ ላይ የለጠፍኩት እውነቱን ፊት ለፊት ልነግራት ስላቃተኝ፣ እንድታነበው ነው። ቆማ ማንበብ ያደክማታልና እባክዎ ወንበር ያውጡላት፤ ለዚያም ኮሚቴ መሰብሰብ ካላስፈለገ።