ያልተሳበ ትንፋሽ

ማክሰኞ፣ ማርች 4

ጠዋት በረዶ ጣለ። ባሌ ሌላንድ ጉበት ከተተከለለት አራተኛ ቀኑ። ደግፈው ወንበር ላይ አስቀመጡት። ያ ሁሉ ትከሻ የት ሄደ? አላየሁም ብዬ ወደ መስኮቱ ዞርኩ።

ነርሷ ኮሪን አንድ የፕላስቲክ ዕቃ አመጣች፣ ውስጡ ሰማያዊ ኳስ ያለው። በቱቦው አየር ወደ ውስጥ ሲስብ ኳሷ ትነሳለች። በየሰዓቱ አሥር ጊዜ፣ ሳንባው እንዳይዘጋ። "ላም ከማለብ አይከብድም፣ አቶ ሌላንድ" አለችው።

"ሆዴን ተሰፍቼ ላም አልቤ አላውቅም።"

ሳቀች። በሳበ ቁጥር ምልክት የማደርግበትን ወረቀት ለኔ ሰጠችኝ።

ሁለቴ ሳበ። ላብ አጠመቀው። ትንሽ ልረፍ አለ። በሚቀጥለውም ሰዓት እንደዚሁ... "አንቺ ሴትዮ፣ እንደ በረቱ ወረቀት ሙዪው።"

የወተቱን ታንክ ማጠባችንን የምንመዘግብበትን ወረቀት፣ እሁድ እሁድ የሳምንቱን ባንዴ ነበር የምንሞላው። ሠላሳ አንድ ዓመት። ማን ጠየቀን?

እስከ ምሽት በየሰዓቱ አሥር አሥር ምልክት እያደረግሁ ሞላሁት።

ረቡዕ፣ ማርች 5

ትኩሳት አለው። ትንፋሹ አጭር ነው። ደህና ነኝ ይላል። ወረቀቱን ዛሬም ሞላሁ። ለምን?

ሐሙስ፣ ማርች 6

የቀኝ ሳንባው ከታች ተዘግቷል፣ ዙሪያውን ውሃ ይዟል። ሐኪሙ ወረቀቴን አነበበ። የትንፋሽ ልምምዱን በደንብ ሠርቷል፣ ስለዚህ ኢንፌክሽን መሆን አለበት አለ። ሰውነቱ ኢንፌክሽኑን እንዲዋጋ ነገ ጠዋት ጉበቱን የሚጠብቅለትን መድኃኒት ሊቀንሱ ነው። ከቀነሱት ሰውነቱ ጉበቱን ሊጠላው ይችላል።

ሌላንድ አየኝ። ራሱን በትንሹ ነቀነቀ። አትናገሪ ማለቱ ነው። አልተናገርኩም።

ጉበቱ የማን እንደነበር አልነገሩንም። የሞተ ሰው መሆኑን ብቻ። እናት ትሁን ሚስት፣ አንዷ እስክሪብቶ ይዛ ጉበቱ እንዲሰጥ ፈርማለች... እሷ እውነቱን ፈረመች። ቀኑን ሙሉ አንድ ሰው ከኋላዬ ቆሞ ወረቀቴን የሚያነብ ይመስለኛል። ዞር ስል ግድግዳ ነው።

አርብ፣ ማርች 7

ሐኪሙ ሳይመጣ ኮሪንን በር ላይ ያዝኳት።

"ወረቀቱ ውሸት ነው። በየሰዓቱ ሁለቴ ብቻ ነው የሳበው።"

"የቀረውስ?"

"እኔ ነኝ የጻፍኩት።"

ወረቀቱን ከእጄ ወስዳ እየሮጠች ሄደች።

መድኃኒቱን አልነኩበትም። ውሃውን በመርፌ ቀዱት። ግን አልበቃም... ከሰዓት በኋላ ወደ መተንፈሻ መሣሪያ ወሰዱት። ሲወስዱት ፊቱን አዞረ። ተቆጥቶ ነው? ወይስ ደክሞት?

እሁድ፣ ማርች 9

መሣሪያው ይተነፍስለታል። እኩል፣ እኩል። ያ ሰው ዛሬም ከኋላዬ ነው። አሁን የሚያነበው የለም። ምን ይጠብቃል?

ረቡዕ፣ ማርች 12

የመሣሪያውን ቱቦ ከጉሮሮው አወጡለት። ትንፋሹን ኮሪን ራሷ አጠገቡ ቆማ ታስቆጥረዋለች፣ ራሷ ትጽፋለች። ወረቀቱን ለኔ አትሰጠኝም። እውነቷን ነው።

እሷ ከወጣች በኋላ እንዴት ነህ አልኩት። እጁን ጎኑ ላይ አደረገ።

"ያመኛል" አለ። "እዚህ ጋ። በጣም።"

ይህን ቃል በሠላሳ አንድ ዓመት ከዚህ ሰው አፍ ሰምቼው አላውቅም። ድምፁ ሻክሯል፣ የሱ አልመሰለኝም። ማን እንደተናገረ ለማየት ከንፈሩን አየሁ። ከዚያ ሄጄ ነርሷን ጠራኋት።