የተገዘትኩበት ኪኒን

ማክሰኞ፣ ኅዳር 10

ስምንተኛ ክፍል ገብቼ ስለ ማዕድናት አስተማርኩ። ብረት ለደም፣ አዮዲን ለአንጎል፣ ዚንክ ለእድገት... ከኋላ የተቀመጡት ሆዴን እያዩ ይሳሳቃሉ። ይሳቁ።

ከሰዓት ጤና ጣቢያ ሄድኩ። ነርሷ የዓይኔን ሽፋን ገልብጣ አየች፣ ደሜን ለካች። "በጣም ቀንሷል። ይቺን በየቀኑ ዋጪ፣ እንዳታቋርጪ።" የብረት ኪኒን ነው። ያቅለሸልሻል። ለልጄ ስል እችለዋለሁ።

ዓርብ፣ ታኅሣሥ 4

አማቴ እትየ አቻምየለሽ ከቋሪት እኛ ጋ ቡሬ መጡ። እስክወልድ ሊከርሙ ነው። ገና ሳይቀመጡ ኪኒኑን አዩት።

"ምንድን ነው ይሄ፣ አንች?"

"የደም ነው፣ እትየ።"

"ልጅ ያገዝፋል እኮ! ሆድሽ ውስጥ ካደለበው በምን ሊወጣ ነው?"

የመጀመሪያ ልጃቸውን ሲያምጡ መንደርተኛው በቃሬዛ ፍኖተ ሰላም ሆስፒታል አደረሳቸው። ልጁ ገዝፎ ነበር፣ ታፍኖ ሞተ። ሲነግሩኝ አለቀሱ። እኔም አለቀስኩ። ግን ያኔ ኪኒን የሚባል ነገር ባፋቸው አልገባም! ይህን ብል ማን ይሰማኛል?

ሰኞ፣ ጥር 12

ገዘቱኝ። "በማርያም ገዝቸሻለሁ፣ እንዳትውጭው!"

ባሌ ገነነ እዚያው ቁጭ ብሎ ጫማውን ይወለውላል። "ለእናቴ ስትይ ተይው በቃ። ምን ይጎዳሻል?"

ምን ይጎዳሻል... ሰውዬው ዲግሪ አለው።

የንስሐ አባቴ ቢፈቱኝ ብዬ ላክሁባቸው። ካሉበት ገጠር መንገድ ተዘግቷል፣ አልመጡም። ጥሼ ልዋጠው? ምጥ ፊቴ ነው። ያን ቀን ማርያም ማርያም ስል በምን አፌ ልጠራት ነው?

አልዋጥኩም።

ኀሙስ፣ የካቲት 20

ጠመኔ እንደያዝኩ ዓይኔ ጨለመብኝ። ተማሪዎቼ ደግፈው አስቀመጡኝ። ገነነ "እርጉዝ ነሽ እኮ፣ ያለ ነው" አለኝ።

ቅዳሜ፣ ሚያዝያ 18

ወለድኩ። ወንድ ነው። ደሙ አልቆም አለ... የማላውቀው ሰው ደም ተሰጥቶኝ ነው ይህን የምጽፈው። ልጄ ሁለት ኪሎ አይሞላም። ጡት የሚስብበት አቅም የለውም።

አዋላጇ "ኪኒን አልወሰድሽም ነበር?" አለች። ገነነ መስኮቱን ያያል። ጠላሁት።

ሰኞ፣ ግንቦት 4

ቤቱ በጠያቂ ተሞልቷል። አማቴ ለገባው ሁሉ ይናገራሉ፦ "ኪኒኑን ባላስጥላት ኑሮ! ልጁ ትንሽ ሁኖ፣ ጮኽ እንኳ ሳትል ተገላገለች።" ሴቶቹ ይመርቋቸዋል።

የገነነ ታናሽ እህት ሰብሊ ከገጠር መጥታለች። አርግዛለች፣ ገና አልገፋም። እናቷ ልጄን ከጎኔ አንስተው አሳዩአት። "እይው። እንዲህ ነው የሚሻል።"

ከዚያ በላይ አልቻልኩም።

"እትየ፣ ያልጮኽኩት ቀሎኝ አይደለም። ደሜ አልቆ ነው።"

አንዷ ጎረቤት "አራስ ናት፣ አትስሟት" አለች።

ሰብሊን እጇን ያዝኳት። "ደምሽን ይዩልሽ፣ ጤና ጣቢያ አብረን እንሂድ" አልኳት። እሷ ግን ልጄን ነው የምታይ። ያን ቀጭን አንገት፣ ማልቀስ የተሳነውን...

"እኔም እንዳንች ትንሽ ቢሆንልኝ ነው የምመኝ" አለችኝ።

ነገ ይዣት እሄዳለሁ። አራስ ከቤት አትወጣም ይበሉ። ከፈለጉም ይገዝቱኝ። ብቻ እግሬ ይቁምልኝ።