ከማን ጋር በላሽ?

ሐምሌ 3

ዛሬም ፀጉር ስጠርግ ዋልኩ። አባዬ ረዳቱን ካሰናበተ ወዲህ የፀጉር ቤቱ መጥረጊያ የኔ ነው። ውጤት ወጣ አልወጣ ፀጉር መውደቁን አያቆምም።

ውጤቴ ግን ወጥቷል። ጥሩ ነው። እንዲያውም በጣም ጥሩ። አባዬ ወንበሩ ላይ ለተቀመጠ ሁሉ ይናገራል። አገጩ በሳሙና የተሸፈነ ሰው ምን ይበል? "እንኳን ደስ አለህ" ይላል በአፍንጫው።

ነገሩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ጥሩ ነበር። አባዬ የቤታችንን ጉዳይ ሁሉ ደንበኛ ያማክራል። የእማዬን ወገብ፣ የጣሪያውን ማፍሰስ... አሁን ደግሞ የኔን ኮሌጅ። ጡረተኛው መምህር "ባለ ግንቡ" አለ። የታክሲ ሹፌሩም ባለ ግንቡ። ሊላጭ የገባ የማናውቀው ሰውዬ ሳይቀር ባለ ግንቡ። እኔን የጠየቀኝ የለም። እዚያው መጥረጊያ ይዤ ቆሜያለሁ እኮ።

ባለ ግንቡ ከከተማ ወጣ ብሎ ነው ያለው። በሩ በጊዜ ይዘጋል፤ የገባ ሁሉ በማዕረግ ይወጣል ይባላል። ሌላው ባለ ዛፉ ነው፤ ግቢው መሀል የሚያህለው የሌለ አንድ ዛፍ አለ። ትምህርቱ ደህና ነው። ግን ቲያትር አለ፣ ኳስ አለ፣ ሳቅ አለ። አባዬ ደግሞ ሳቅ ይፈራል።

ሐምሌ 5

ለምን እንደሚፈራ ለራሴ እንኳ መጻፍ ይከብደኛል። በወንድሜ ምክንያት ነው።

ታላቄ ነው። ሩቅ ከተማ ያለው ትልቁ ኮሌጅ ገብቶ ነበር። በሁለተኛው ዓመት ወድቆ መጣ። ሻንጣውን በሩ ላይ አስቀመጠና "ደክሞኛል" አለ። በቃ። አሁን ከፀጉር ቤቱ ጀርባ ባለችው ክፍል ተቀምጦ የሰው ስልክ ይጠግናል። ፀጉሩ ትከሻው ላይ ደርሷል። ደንበኞች አባዬን "መቀስህ ጓዳ አይደርስም እንዴ?" ይሉታል። አባዬ አብሯቸው ይስቃል... ዓይኑ ግን አይስቅም።

ለምን እንደወደቀ እኛ ቤት የማያውቅ የለም። ጭፈራ ነው። ጓደኛ ነው። እሁድ እሁድ ሲደውል ከጀርባው ሳቅ በሳቅ፣ ሳህን ሲንኳኳ፣ ሰው ሲጮህ ይሰማል። ያኔ እማዬ ደስ ይላት ነበር። የምትሠራበት ክሊኒክ ካርድ ክፍል ላሉት ሁሉ "ልጄ ሰው ለምዷል" ትል ነበር። ሲወድቅ ግን ያ ሁሉ ሳቅ ጥፋት ሆኖ ተቆጠረበት።

እኔ ደግሞ ሳቂታ ነኝ። ግንብ ያስፈለገኝ ለዚህ ነው።

ሐምሌ 11

ከአባዬ ጋር ባለ ግንቡን አየን። ንጹሕ ነው፣ ለመርገጥ ያሳሳል። ላይብረሪው ጢም ብሏል፤ ስንገባ ቀና ያለ ሰው የለም። አባዬ በሹክሹክታ "አየሽ?" አለኝ። አየሁ። ወደድኩትም እኮ፣ ለምን እዋሻለሁ። ፋርማሲ ነው መማር የምፈልገው፤ እሱ ደግሞ በጨዋታ አይገኝም።

ምግብ ቤቱ ስንገባ ግን... ሁሉም መጽሐፍ ከፍቶ ነው የሚበላው። የሚሰማው የማንኪያ ድምፅ ብቻ ነው። አስጎብኚዋ "ምግብ ላይ ወሬ ክልክል ነው፤ ጊዜ ይቆጥባል" አለች። አባዬ በአድናቆት ራሱን ነቀነቀ። ፀጉር ሲቆርጥ ለአፍታ ዝም ማለት የማይችል ሰው።

ስንመለስ አውቶቡስ ውስጥ የማንኪያው ድምፅ ከጆሮዬ አልወጣም።

ሐምሌ 14

ባለ ዛፉን ብቻዬን ሄጄ አየሁ። ለአባዬ ጓደኛዬ ጋ ነኝ አልኩት።

ዛፉ ሥር አንዱ ጊታር ይዟል፣ ሌሎቹ ያበሽቁታል። የማላውቃት ልጅ "ነይ፣ ቁጭ በይ" አለችኝ። ቁጭ አልኩ። ስስቅ ከሰዓቱ አለቀ።

ከዚያ ላይብረሪውን አየሁ። ባዶ ነው። ጠባቂው ጠረጴዛው ላይ ተኝቷል። የወንበሮቹ እግር ግማሹ የለም።

ፈራሁ። ራሴን አውቀዋለሁ። ቁጭ በይ ያለኝ ሁሉ ጋ ቁጭ ካልኩ መቼ ነው የማነበው? አባዬ እውነቱን ቢሆንስ?

ሐምሌ 15

አንዱ ያደርቀኛል። ሌላው ይበትነኛል።

ሐምሌ 19



ለወንድሜ ምሳ ይዤለት ገባሁ። ቀና ሳይል "ምግብ ቤታቸውን አየሽ?" አለኝ። የኔን ጉዳይ ሲያነሳ ይኼ የመጀመሪያው ነው። የባለ ግንቡን ነገርኩት። መፍቻውን እያሽከረከረ ሰማኝ።

"ላይብረሪውን ተይው። ጭፈራውንም ተይው። ብቻውን የሚበላ ሰው ፈልጊ። ከዚያ ጠብቂ፤ አጠገቡ የሚቀመጥ ሰው ይኖር እንደሆነ እዪ።"

"አንተ ምን ታውቃለህ፣ ጓደኛ ሞልቶህ..." አልኩት። ምላሴን በቆረጠው።

መፍቻውን አስቀመጠ። "አንድም አልነበረኝም" አለ።

እሁድ እሁድ ምግብ ቤቱ እስኪሞላ ይጠብቅ ነበር። ከዚያ በጣም የሚሳሳቁት ልጆች ያሉበትን ጠረጴዛ መርጦ፣ አጠገባቸው ቆሞ ይደውልልናል። እማዬ ብቻውን መሆኑን እንዳታውቅ ብሎ። የልጆቹን ስም እንኳ አያውቅም። ስልኩን ሲዘጋ ክፍሉ ገብቶ ይተኛል። እየቆየ ከአልጋ መነሳት አቃተው፣ ከዚያ ትምህርቱን ተወው።

"ለምን አልነገርከንም?"

"ጨፍሮ ወደቀ ቢባል ይሻለኛል። ሰው አጥቶ ወደቀ ከሚባል።"

ምሳው ቀዘቀዘ። ስወጣ "ለአባዬ እንዳትነግሪው፣ በሞቴ" አለኝ። እሺ አልኩት። ምነው እሺ ባላልኩ።

ሐምሌ 20

ብናገር ግንቡ ዛሬውኑ ይቀርልኛል። አባዬ የሚፈራው ሳቅ ውሸት ነበር እኮ።

ብናገር ደግሞ ወንድሜን ሸጥኩት ማለት ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ በእኛ ስድብ ውስጥ የደበቀውን።

ጡረተኛው መምህር ዛሬ መጥቶ "ከባለ ግንቡ ኃላፊ ጋር ተነጋግሬያለሁ፣ ነገሩ እንዳለቀ ቁጠረው" አለ። አባዬ የፀጉሩን ሒሳብ አልቀበልህም አለው። እኔ ጠረግሁ።

ሐምሌ 22

ባለ ዛፉ ተመለስኩ። ምግብ ቤቱ ገብቼ ሾርባ ይዤ ጥግ ላይ ብቻዬን ተቀመጥኩ። ወንድሜ እንዳለው... ብቻውን የሚበላው ሰው እኔው ሆንኩ።

ሰዉ ያልፋል። ሳቁ አለ፣ ግን እኔ ጋ አይደርስም። ሾርባው ቀዘቀዘ። ወንድሜ ይኼን በየቀኑ? ልነሳ ስል አንዲት ባለ መነጽር መጣች። "ሰው አለው?" አለችና መልሴን ሳትጠብቅ ተቀመጠች። ምን ልማር እንደምፈልግ ጠየቀችኝ፤ ፋርማሲ ስላት "ጎበዝ፣ ታለቅሻለሽ" አለችኝ። የመጨረሻ ዓመት የፋርማሲ ተማሪ ናት። ላይብረሪው ወንበር ስለሌለው ጠዋት ጠዋት ባዶ ክፍል ፈልገው በቡድን ያነባሉ። እንድታሳየኝ ለመንኳት። ሰሌዳው ላይ የጠዋቱ ቀመር አልጠፋም። ጥግ ላይ አንዱ ቀልድ ጽፎበታል፣ ሥሩ ላይ ሌላው "ቀልዱም ስህተት ነው" ብሎ አርሞታል።

እንግዲህ የምፈልገው ይኼ ነው። ለማን ልናገር?

ሐምሌ 24

ዝናብ። መብራት ጠፋ። በመብራት የሚሠራው የፀጉር መቁረጫ ቶንዶዝ ቀጥ ሲል ደንበኞች ነገ እንመጣለን ብለው ወጡ። አባዬ ፎጣ እያጠፈ "ነገ ሄደን ባለ ግንቡ እናስመዘግብሻለን" አለ። አፌን ከፈትኩ። ዘጋሁት።

ወንድሜ ከጓዳ ወጣ። ሁሉን ሰምቷል ማለት ነው። መጣና ወንበሩ ላይ ቁጭ አለ።

"ቁረጠኝ።"

አባዬ ፎጣውን ይዞ ቀረ። ከዚያ እንደ ደንበኛ "ምን ያህል ይነሳልህ?" አለው።

"ሁሉንም።"

በመቀስ ጀመረ። ወንድሜ መስተዋቱን እያየ ተናገረ፤ ለኔ እንደነገረኝ፣ ሳይጨምር ሳይቀንስ። "ያ ሳቅ የኔ አልነበረም አባዬ" ሲል መቀሱ ቆመ። ግማሽ ራሱ ተቆርጧል፣ ግማሹ ትከሻው ላይ ነው።

"እኔ እኮ በዚያ ሳቅ ነው ስሰድብህ የኖርኩት" አለ አባዬ።

"አውቃለሁ።"

አባዬ ዓይኑን በክንዱ ጠረገና ቀሪውን ቆረጠ። እንዲህ ዝም ብሎ ሲቆርጥ አይቼው አላውቅም። ሲጨርስ የወንድሜን አንገት በብሩሽ ጠረገለት፣ ቀስ ብሎ፣ ልጅ እያለ እንደሚያደርግለት። ከዚያ ወደኔ ዞረ።

"አንቺ የትኛውን ነው የምትፈልጊው?"

ሐምሌ ከገባ ጀምሮ የጠበቅሁት ጥያቄ። "ባለ ዛፉን" አልኩት። "ግን እፈራለሁ።"

"እኔም" አለ። ወለሉ ላይ ያ ሁሉ ፀጉር። ልጠርግ ስነሳ መጥረጊያውን ከእጄ ወሰደው።

ጥቅምት 12

እሁድ። ባለ ዛፉ ግቢ።

ባለ መነጽሯ ለልምምድ ሌላ ከተማ ሄዳለች። ጠዋት ከቡድኑ ጋር አነባለሁ፣ ግን አሁንም "አዲሷ" ነው የሚሉኝ። ሰሌዳውን አጥፍተው ሲወጡ ሁሉም ወደ የወዳጁ ይሄዳል። የመጀመሪያው ፈተና ውጤቴ መካከለኛ ነው። ምሳ ሳምንቱን ሙሉ ብቻዬን በላሁ። ዛፉ ሥር "ቁጭ በይ" የሚለኝ አላጣሁም፤ ማንበብ ስላለብኝ እምቢ እላለሁ። ያነበብኩት ግን አይገባኝም።

ዛሬ ለመደወል ሰዓቱ ሲደርስ ምን እንዳደረግሁ... ምግብ ቤቱ ሄድኩ። በጣም የሚሳሳቁት ጠረጴዛ አጠገብ ቆምኩ። አውቄ ነው? እግሬ ነው የወሰደኝ። ደወልኩ።

አባዬ አነሳው። ደህና ነኝ፣ ሁሉ ደህና ነው አልኩት።

"ጫጫታ ይሰማኛል። ውጪና አውሪኝ" አለኝ።

ዳቦዬን እንደያዝኩ ወጣሁ። ከሕንፃው ጀርባ፣ የውሃ በርሜሉ ጋ ተቀመጥኩ።

"አሁን ንገሪኝ። ከማን ጋር በላሽ?"

"ከማንም" አልኩት። አለቀስኩ። ወደ ቤት ነይ ይለኛል፣ ወይ ባለ ግንቡ ነበር የሚሻልሽ ይለኛል ብዬ ጠበቅሁ። ሁለቱንም አላለኝም። "አትዝጊው" አለና ስልኩን መስተዋቱ ሥር አስቀመጠው። የመቀሱ ድምፅ መጣ። ቀጭ ቀጭ።

"ማን ነው ወንበሩ ላይ?" አልኩ።

"እኔ ነኝ" አለ ወንድሜ። "ብይ፣ እየሰማንሽ ነው።"

ዳቦዬን እዚያው በላሁት። እነሱ ስለ ጣሪያው ማፍሰስ ይጨቃጨቁ ነበር።