ልጁ ሳይታቀፍ የማይተከለው ቁልፍ

ሰፈሩ ሁሉ «እማማ መርፌ» እያለ የሚጠራቸው የክርስትና ልብስ ሰፊዋ፣ ከአናጢ አባታቸውና ከልብስ አጣቢ እናታቸው በ1936 ዓ.ም. ተወለዱ። እስከ ስድስተኛ ክፍል ተምረዋል፤ በትምህርት ቤቱ ስማቸው የተነሣው ግን የመምህራቸውን ካፖርት ጠቅመው ቀዳዳው የት እንደነበር በማጥፋታቸው ነው።

በ1955 ዓ.ም. ከጫማ ሠሪው ባለቤታቸው ጋር ትዳር መሠረቱ። የበኩር ልጃቸው ገና በሆዳቸው ሳለ የክርስትና ልብሱን ከነአንገት ቁልፉ ጨርሰው፣ ተኩሰው ሳጥን ውስጥ አኖሩት። ሕፃኑ ሳይጠመቅ አረፈ። ስለዚያ ልብስ ዳግም አላወሩም።

ከዚያ ወዲህ ለሁለቱ ሴት ልጆቻቸውም ሆነ ለሌላ ሰው ልጅ ሲሰፉ የአንገቱን ቁልፍ ሳይተክሉ ይተዉታል። ሕፃኑ መጥቶ ካላቀፉት ልብሱ አለቀ አይባልም። የሚያቻኩላቸውን አባት «ልብስ ያለ ልጅ ምን ይሠራል? ልጁን አምጣልኝ!» ይሉታል። ዳንቴሉ ይብዛልኝ የሚል ባለጠጋም ቢመጣ በጄ አይሉም፤ ሕፃን ሁሉ በአንድ ዓይነት ነጭ ነው መጠመቅ ያለበት። ልብሱን የሚወርሰው ተከታይ ልጅ ወፈር ቢል እንዲለቀቅም ጎኑ ላይ ትርፍ ጨርቅ ይተዉ ነበር።

ባለቤታቸው ቀደሟቸው። ቆይቶ ዐይናቸው ደከመ፣ ዘንድሮ ደግሞ ልባቸው ታመመ። የታላቋ ልጃቸው ልጅ ወንድ ስትገላገል ልብሱ ከቁልፉ በቀር አልቆ ነበር። ሕፃኑን አምጥተው አሳቀፏቸው፤ ከዚያ እሳቸው ጎናቸው አስተኝተውት መርፌ ያዙ። ታላቋ ልጃቸው መርፌውን ልትቀበላቸው እጇን ብትዘረጋ «ዞር በይ፣ ብርሃኑን አትከልዪኝ» አሏት። ጨርሰው ልብሱን ከጭናቸው ቢያነሱት የራሳቸው ቀሚስ ተከትሎ ተነሣ።

«ኧረ ጉዴ! ከራሴ ጋር ሰፋሁት!» ብለው ሳቁ። «ተዪው፣ ነገ እፈታዋለሁ።»

በማግስቱ፣ መጋቢት 12 ቀን 2016 ዓ.ም. ጠዋት፣ በሰማንያ ዓመታቸው ዐረፉ። ክሩን በመቀስ የለየችው ታላቋ ልጃቸው ናት፤ በቀሚሱ በኩል ስለቆረጠችው ቁልፉ አልላላም። እስካሁን አላለቀሰችም። ምንም አይሰማኝም ትላለች፤ የምትይዘውንም አጥታ መቀሱን ይዛ ትዞራለች።

ሁለት ሴት ልጆች፣ የልጅ ልጆችና በመጪው እሑድ የሚጠመቀውን ሕፃን ትተው ሄደዋል። ፈጣሪ ነፍሳቸውን በምሕረቱ ይቀበል፤ ያንን የበኩር ልጃቸውንም ያሳቅፋቸው።